አርጀንቲናና ብራዚል የኒውክሌር በራቸውን ለጎረቤት እንዴት ከፈቱ? (ከባሕር ዳር ክፍል የተነሳ ጥያቄ)

ጋሼ ፊዚክስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሐሙስ ዕለት ስለ ኒውክለስ መሰንጠቅ እያስረዳሁ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ግብፅ ኤል ዳባ ላይ የኒውክሌር ማመንጫ እየሠራች ነው። እኛም ልንሠራ ነው እየተባለ ነው። በአንድ ወንዝ ስንነታረክ የኖርን ሰዎች፣ ነገ ሁለታችንም ኒውክሌር ሲኖረን እንዴት እንተማመናለን?» አለችኝ። ወዲያው ደወል ተደወለ። ልጆቹ ወጡ፤ እኔ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከመሬት ተነስታ አልጠየቀችም። ኤል ዳባ ላይ የሩሲያው ሮሳቶም እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 4 ሪአክተሮች እየገነባ ነው። የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በጁላይ 2022 ነው። እኛም ሕዳሴው በተመረቀ በጥቂት ሳምንታት፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ሞስኮ ላይ ከዚያው ከሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመናል።

ሁለት ሌሊት ሳነብ አመሸሁ። አንድ ታሪክ ያዘኝና እንቅልፍ ከለከለኝ። ላካፍላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርጀንቲናንና ብራዚልን ከእግር ኳሳቸው ውጪ ብዙ አናውቃቸውም። ግን ጠባቸው የእኛን ይመስላል። የፓራና ወንዝ ከብራዚል ይነሳል፤ የፓራጓይን ጠርዝ ታክኮ ወደ አርጀንቲና ይወርዳል። ብራዚል ከላይ፣ አርጀንቲና ከታች ማለት ነው። በ1973 ብራዚልና ፓራጓይ ኢታይፑ የሚባለውን ግድብ ለመሥራት ተፈራረሙ። አርጀንቲና «አስቀድማችሁ ልታማክሩኝ ይገባል» አለች። ብራዚል ደግሞ በግዛቷ ውስጥ ለምትሠራው ግድብ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም አለች። ክርክሩ እስከ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዘለቀ። አርጀንቲና ውስጥ «ክፉ ቀን ቢመጣና ግድቡን ቢለቁብን ቦነስ አይረስ ትጥለቀለቃለች» የሚል ፍርሃት ነበረ። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቡን አቁሜ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሌላ ወንዝ ስም ስንት ጊዜ ሰምተነዋል።

በዚያው ሰሞን የኒውክሌሩም ፉክክር ተፋፍሞ ነበር። አርጀንቲና የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በ1950 ነው። በ1974 አቱቻ ላይ በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያውን የኒውክሌር ማመንጫ ሥራ አስጀመረች። በዓመቱ ብራዚል ከምዕራብ ጀርመን ጋር 8 ሪአክተሮችና የዩራኒየም ማበልጸጊያ ቴክኖሎጂ (ዩራኒየምን ለማመንጫ ነዳጅ፣ ከተገፋበትም ለቦምብ የሚያበቃ) ለማግኘት ተስማማች። ብራዚል ቀድሞም በወታደሮች እጅ ነበረች፤ አርጀንቲናም በ1976 ወታደሮች ገቡባት። ሁለቱም የኒውክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነትን አንፈርምም ብለዋል። አንዱ የሌላውን አጥር እያሾለቀ ይመለከታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የተፈታው የወንዙ ጠብ ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 1979 ሦስቱ አገሮች ተፈራረሙ። ስምምነቱ ስለ ወንድማማችነት የሚያወራ ብቻ አይደለም፤ ቁጥር አለው። አርጀንቲናና ፓራጓይ ከኢታይፑ በታች ሊሠሩት ያሰቡት የኮርፐስ ግድብ ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 105 ሜትር ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ኢታይፑ ውሃ ሲለቅ ከታች ያለው ወንዝ በሰዓት ከግማሽ ሜትር፣ በቀን ከ2 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ እንዳይል ተጻፈ። ልክ በ7ኛው ወር፣ ሜይ 1980፣ የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ፊጌሬዶ ቦነስ አይረስ ሄዶ የኒውክሌር ትብብር ስምምነት ተፈረመ። ያኔ ሁለቱም አገር ገና በወታደሮች እጅ ነው።

ቀጥሎ ሲቪሎቹ መጡ። በኖቬምበር 1985 የአርጀንቲናው አልፎንሲንና የብራዚሉ ሳርኔ ድንበር ላይ፣ ፎዝ ዶ ኢጉዋሱ ተገናኙ። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ አዲስ ድልድይ መረቁ። ኒውክሌርን ለሰላም ብቻ እናውላለን የሚል የጋራ መግለጫ አወጡ። አልፎንሲን በዚያው ጉዞ ኢታይፑን ጎበኘ። ከተማህን ያጥለቀልቃል የተባለውን ግድብ በእግርህ ሄደህ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ በጁላይ 1987 ሳርኔ ፒልካኒዬው ሄደ። አርጀንቲና ዩራኒየም የምታበለጽግበት፣ ለዓመታት በምስጢር የሠራችው ፋብሪካ ነው። በ1988 አልፎንሲን በተራው የብራዚል ባሕር ኃይል አራማር ያለውን የማበልጸጊያ ማዕከል ተጋብዞ አየ። ሳርኔ በዚያው ዓመት ወደ አርጀንቲና ተመልሶ ኤዜይዛ ያለውን የኒውክሌር ማዕከል ጎበኘ። ፕሬዚዳንቶቹ ብቻቸውን አልሄዱም፤ ባለሙያዎቻቸውን ይዘው ነው። ባለሙያ ደግሞ ቧንቧ አይቶ ብዙ ያውቃል።

ማሰሪያው የመጣው በጁላይ 1991 ነው። ሜክሲኮ፣ ጓዳላሃራ ላይ ተፈራርመው አባክ የሚባል የጋራ የኒውክሌር ቁሶች ሒሳብና ቁጥጥር ኤጀንሲ አቋቋሙ። ቢሮው ሪዮ ዴ ጄኔሮ ነው። የብራዚልን ተቋማት የአርጀንቲና ሰዎች፣ የአርጀንቲናን የብራዚል ሰዎች ይፈትሻሉ። እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ጉብኝቱ ከፍተሻው ስምምነት በፊት መጣ። ሰዎቹ መጀመሪያ ቤታቸውን አሳዩ፤ ወረቀቱ ከ4 ዓመት በኋላ ደረሰ። ለተማሪዬ ልመልስላት የምፈልገው ይህንን ነው። እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ?


የመራዊ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የቆጋ መስኖ ልጅ ነኝ። አባቴ መሬቱ ከቦዩ ጅራት ላይ ነው። በበጋ የላይኞቹ ሌሊት ቦዩን ሰብረው ውሃ ያስቀራሉ ብለን እንጠረጥራለን። እነሱ ደግሞ እናንተ ተራችሁ ሳይደርስ ትከፍታላችሁ ይሉናል። አንድ ዓመት በዱላ ሊደራረሱ ምንም አልቀረም።

የኛ የውሃ አባት ምን አደረገ መሰላችሁ። ከላይ አንድ ሰው፣ ከታች አንድ ሰው መረጠ። ሌሊት ባትሪ ይዘው ሁለቱ አብረው ቦዩን ከአናት እስከ ጅራት ይወርዱታል። የታችኛው የላይኛውን ማሳ ያያል፣ የላይኛውም የታችኛውን። ከዚያ በኋላ ውሃው አልበዛም፤ ሐሜቱ ግን ቆመ። የሪዮው ቢሮ እንደዚያ ያለ ሥራ ነው የሚሠራው ማለት ነው?


ውሃ መሐንዲስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ። ግን ንጽጽሩ ላይ ልከራከርዎት።

አንደኛ፣ ፓራና ዝናብ በጠገበ አገር የሚፈስ ወንዝ ነው። አርጀንቲና ያለ ፓራና ትጎዳለች እንጂ አትጠፋም። ግብፅ ግን ከሞላ ጎደል ውሃዋ ሁሉ አባይ ነው። የፍርሃቱ ክብደት እኩል አይደለም። ሁለተኛ፣ ብራዚልና አርጀንቲና በ1980ዎቹ በዕዳ ተይዘው ነበር። በሁለቱም አገር ወታደሮቹ ሥልጣን ለቀቁ። ለፉክክር የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። እምነት ብቻውን ያመጣው ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር እስከ መጨረሻው አልተከፈተም። በ2004 ብራዚል ሬዜንዴ በሚገኘው ፋብሪካዋ ዩራኒየም የሚያበለጽጉትን ማሽኖች (ሴንትሪፊውጆቹን) በመከለያ ሸፍና ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች ሙሉ በሙሉ አላሳይም ብላ ነበር። በመጨረሻ በዚያው ዓመት መላ ተገኘለት። ሁለቱም አገሮች ኤጀንሲው ሰፋ ያለ ፍተሻ እንዲያደርግ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል እስካሁን አልፈረሙም።

የታሪኩ ግማሽ ብቻ ልጆቻችን እንዲያውቁ አልፈልግም።


ጋሼ ፊዚክስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡15

የመራዊ ልጅ፣ አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ይህን የውሃ አባት ታሪክ ሰኞ ለክፍሉ እነግራለሁ፤ ከእኔ ትምህርት የተሻለ ነው።

ወንድሜ መሐንዲስ፣ ስለ ዕዳው የተናገርከው እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ። ስለ ውሃው ፍርሃት ክብደትም አልከራከርህም። ግን አንድ ነገር አስብበት። ፍርሃቱ የከበደ ከሆነ መተያየቱ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀንስም። አርጀንቲና ከብራዚል ጋር የተስማማችው ፍርሃቷ ሲያልቅ አይደለም። ፈርታ እያለች ነው።

የ2004ቱንም አንስተሃል። የአርጀንቲና ተቆጣጣሪዎች ግን በዚያም ጊዜ ሥራቸውን አላቋረጡም። እኔ ከዚህ የማየው ጎረቤት ለጎረቤት የሚከፍተው በር ለሩቅ ሰው ከሚከፍተው ሊሰፋ እንደሚችል ነው።


እህተ ዘጌ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጋሼ ይቅርታ፣ እኔ ፊዚክስ አልተማርኩም። ሁለት ነገር ልጠይቅ።

ተቆጣጣሪዎቹ ገብተው ምንድነው የሚያዩት? ቦምብ ነው የሚፈልጉት?

ሁለተኛው የልቤ ጭንቀት ነው። ማመንጫው ውሃ ይፈልጋል ይባላል። ጣና ዳር ይሠራል እንዳትሉኝ! እምቦጩ በበቃን። ከዘጌ ወደ ከተማ በጀልባ ስመጣ ሞተሩ በእምቦጭ ተይዞ ሐይቁ መሃል ቆመን የዋልንበት ቀን አለ። ገዳማቱ ያሉት በዚህ ሐይቅ ላይ ነው። ዓሣው፣ ደንገሉ፣ ታንኳው ሁሉ እዚህ ነው።


ጋሼ ፊዚክስ | እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡30

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም።

ቦምብ አይፈልጉም፤ ሒሳብ ነው የሚሠሩት። የሱቅ ቆጠራ አስቢ። ፋብሪካው «ይህን ያህል ኪሎ ዩራኒየም ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል መጋዘን ውስጥ አለ» ብሎ መዝገብ ይይዛል። ተቆጣጣሪው ሄዶ ይቆጥራል፣ ሲሊንደሮቹን ይመዝናል፣ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል። መጋዘኑን ያሽጋል። ካሜራ ይተክላል፤ ሲመለስ ማሸጊያው እንዳልተነካ ያያል። መዝገቡና ሚዛኑ ካልገጠሙ ጥያቄ ይነሳል። ነገሩ የሚታወቀው በኪሎና በግራም ነው። የአባክ ተቆጣጣሪዎች ከሁለቱም አገሮች ይመጣሉ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነትም አንድ ዓመት ለብራዚላዊ፣ አንድ ዓመት ለአርጀንቲናዊ እየተፈራረቀ ይሰጣል። በዲሴምበር 1991 ሁለቱ አገሮችና አባክ ከዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ጋር አራትዮሽ ስምምነት ተፈራርመው ሦስተኛ ዓይን ጨመሩበት። ከዚያ አርጀንቲና በ1995፣ ብራዚል በ1998 ያንን እምቢ ያሉትን የአለመስፋፋት ስምምነት ተቀበሉ።

የሐይቁን ነገር ለመሐንዲሱ ልተወው። ግን ሐይቅ ካነሳሽ አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። የአርጀንቲና የኒውክሌር ታሪክ በሐይቅ ላይ ደሴት ነው የሚጀምረው። ናሁኤል ኡዋፒ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። በላዩ ኡዌሙል የምትባል ደሴት አለች። ፕሬዚዳንት ፔሮን ሪክተር የሚባል ከኦስትሪያ የመጣ ሳይንቲስት እዚያ አስቀምጦ ገንዘብ አፈሰሰለት። በማርች 1951 «የፀሐይን ኃይል በቁጥጥር ሥር አዋልን» ብሎ ለዓለም አወጀ። ሐሰት ነበር። በ1952 የአገሪቱ ፊዚሲስቶች ሄደው መረመሩ፤ ባልሴይሮ የሚባል ወጣት ምሁር አንዱ ነበር። እውነቱን ለመንግሥት ነገሩ፤ ሥራው ተዘጋ።

የሚያስደስተኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በደሴቲቱ ትይዩ ባለችው የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ባሪሎቼ፣ በ1955 የፊዚክስ ተቋም ተከፈተ። ባልሴይሮ መራው፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከዚያው ከተማ ኢንቫፕ የሚባል ኩባንያ በ1976 ወጣ። ኢንቫፕ ለአልጄሪያና ለአውስትራሊያ የምርምር ሪአክተር ሠርቷል። ለግብፅም ሠርቷል! ኢንሻስ ላይ ያለው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው 22 ሜጋ ዋት ሪአክተር የኢንቫፕ ነው። እዚህ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ይህን ሳነብ ስለ ተማሪዎቼ ነው ያሰብኩት። የእኛም ከተማ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ልጆቹም አሉን።


ውሃ መሐንዲስ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡05

እህተ ዘጌ፣ ፍርሃትሽ ትክክለኛ ነው። ሪአክተር ከሚፈጥረው ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሆነው ሲሶው ገደማ ነው። የቀረው መጣል አለበት። 1,000 ሜጋ ዋት መብራት የሚሰጥ ማመንጫ 2,000 ሜጋ ዋት ያህል ሙቀት ለውሃ ወይም ለአየር ይሰጣል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ባሕር ዳርቻ ወይም ትልቅ ወንዝ ላይ የሚሠሩት። የብራዚሉ አንግራ ባሕር ላይ ነው። የአርጀንቲናው አቱቻ ፓራና ላይ ነው። ኤምባልሴ የሚባለው የአርጀንቲና ማመንጫ ግን ኮርዶባ ውስጥ ባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቅ ዳር መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

ጣና ግን ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 9 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲሞቅ ቶሎ ይሰማዋል። እምቦጭም ሙቅ ውሃ ይወዳል። የውሃ መሳቢያ በር ላይ ቢከመር ማመንጫውን ያንቀዋል። ሐይቁ ደግሞ ጣና በለስን 460 ሜጋ ዋት ይሸከማል፣ ጢስ አባይንም ያጠጣል። እኔን ከጠየቅሽኝ በቂ ሸክም ይዟል። ሙቀቱን በማማ ለአየር መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ከሐይቁ የሚሳበው ውሃ ይቀንሳል።


ከማልሞ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

የግሽ አባይ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ስዊድን ነው። እዚህም የጎረቤት ታሪክ አለ። ስዊድን ባርሴቤክ የሚባል ማመንጫ ሠራች። ቦታው ከዴንማርክ ዋና ከተማ ከኮፐንሃገን 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጥርት ባለ ቀን ከዚያ ማዶ ይታያል። ዴንማርኮች በ1985 «እኛ ኒውክሌር አንፈልግም» ብለው ከዕቅዳቸው አወጡት። ጎረቤታቸው ግን በራፋቸው ላይ ያመነጫል። ለዓመታት አቤት አሉ። አንዱ ሪአክተር በ1999፣ ሁለተኛው በ2005 ተዘጋ።

ወዳጅ አገሮች ናቸው። ማንም ቦምብ አልፈራም። ጥያቄው «ቦታውን ስትመርጥ ለምን እኔን አላየኸኝም?» የሚል ነበር። ማን ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚሠራም መነጋገር ያስፈልጋል ለማለት ነው።


ታሪክ ወዳድ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

መሐንዲሱ የፍርሃቱ ክብደት እኩል አይደለም ላለው፣ ሕንድንና ፓኪስታንን ተመልከት። ተዋግተዋል፤ በ1998 ሁለቱም የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ አፈንድተዋል። ሆኖም ራጂቭ ጋንዲና ቤናዚር ቡቶ በዲሴምበር 31 ቀን 1988 አንዱ የሌላውን የኒውክሌር ተቋም እንዳያጠቃ ተፈራረሙ። ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 የተቋሞቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ። በጦርነት ዓመትም ቢሆን አልቀረም። የአርጀንቲናና የብራዚልን ያህል በር አልከፈቱም፤ አድራሻ ግን ይሰጣጣሉ።

በእኛ አህጉርም መሠረት አለ። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጣና የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት በኤፕሪል 1996 ለፊርማ የቀረበው ካይሮ ላይ ነው። በ2009 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ አጽድቃዋለች። ግብፅ ፈርማለች፤ አላጸደቀችም። ንግግር ቢጀመር አንዱ መነሻ ይህ ይመስለኛል።


የ12ኛዋ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡25

ጋሼ፣ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩት፤ አመሰግናለሁ። እናቴም አነበበችው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጉብኝቱ ከፍተሻው ስምምነት በፊት መጣ ብለዋል። እሺ፣ ከጉብኝቱስ በፊት? ሁለቱም እየተፈራሩ ከሆነ «ና ቤቴን እይ» ብሎ ቀድሞ የተናገረው ማነው? ያ ሰው ያልፈራው ለምንድነው?


ጋሼ ፊዚክስ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡10

ልጄ፣ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝን ነው የጠየቅሽኝ።

ቀድማ የላከችው አርጀንቲና ናት። ጊዜው ኖቬምበር 1983 ነው። አገሪቱ ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው የፎክላንድ ጦርነት ተሸንፋ ዓመት አልፏታል። ወታደራዊው ፕሬዚዳንት ቢኞኔ ሥልጣን ሊያስረክብ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ፒልካኒዬው ላይ በምስጢር ዩራኒየም ማበልጸግ ችለዋል፤ ለዓለም ሊነገር ነው። ብራዚል ይህን በሬዲዮ ብትሰማ ኖሮ ምን እንደምታስብ መገመት ትችያለሽ። ቢኞኔ መግለጫው ከመነገሩ በፊት ለብራዚሉ ፕሬዚዳንት ለፊጌሬዶ መልእክት ላከ። ዜናውን ጎረቤት ከዓለም ቀድሞ ሰማ።

አልፈራም ወይ ላልሽው፣ የፈራ ይመስለኛል። ግን ከአራት ዓመት በፊት የወንዙን ጉዳይ ጨርሰዋል። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ለንደን ውስጥ የአርጀንቲናን ጉዳይ የያዘችላት ብራዚል ነበረች። ደብዳቤው የሄደው ለጠላት ሳይሆን አንድ ጊዜ ለታመነ ሰው ነው።

በሴፕቴምበር 1987 ብራዚል በተራዋ በራሷ መንገድ ማበልጸግ መቻሏን ልታስታውቅ ሆነ። ሳርኔም እንዲሁ አደረገ፤ አስቀድሞ ለአልፎንሲን ጻፈለት።

ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የእናንተ ነው። የፓራናን ካርታ እኔ አመጣለሁ። የአባይን አንቺ ሥለሽ ነይ፤ ከጣና ጀምሪና እስከ ሜዲትራኒያን አድርሽው። ኤል ዳባን ዳርቻው ላይ ምልክት አድርጊበት።